የእናቴ በረኪና

እናቴ ለኮንዶሚኒየሙ ሴቶች "ልጄ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው" ብላቸው ነበር። ይህን ያወቅኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሴትዮ በራችንን አንኳኩተው፣ የደም ምርመራ ውጤታቸውን ከጉያቸው አውጥተው፣ "እስቲ ልጄ፣ ስኳሬን ምን ይላል? ሐኪሙ እየሮጠ ነው የነገረኝ" ሲሉኝ ነው። ወረቀቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። ምን ላድርግ? አነበብኩላቸው። ስኳራቸው ደህና ነው፣ ስባቸው ግን ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ቅቤ ይቀንሱ አልኳቸው። እስከ ሰባት ቤቴ መርቀውኝ ሄዱ። በማግስቱ ሌላዋ የሽንት ምርመራ ይዛ መጣች።

እኔ የምሠራው ከቤቴል አለፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ነው። ሳላሽሞነሙነው፣ ሽንት ቤት ውሃ ነው የማጣራው። ከኮንዶሚኒየሞቹ በቱቦ የሚወርደው ሁሉ፣ የእኛንም ቤት ጨምሮ፣ እኛ ግቢ ይገባል። ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ እየዘቀጠ፣ ፀሐይ እየመታው ይቆይና መጨረሻ ላይ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። የግቢያችን ዘበኛ የጉራጌ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልዳቸው አያልቅም። የላብራቶሪውን ታሪክ ስነግራቸው፣ "ሽንቱን በተመለከተ እናትሽ ብዙም አልዋሹ" ብለው ሳቁብኝ።

በእናቴ ግን አልፈርድባትም። ከጎጃም ተነስታ ኮልፌ የገባችው እኔን በሆዷ ይዛ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዋ ሳፋ ላይ አለቀ። የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። የነጋዴዎቹን ጀለቢያ ለጁምዓ፣ የክርስቲያኖቹን ነጠላ ለእሁድ ታደርሳለች፤ የልጅነቴ ትዝታ ነጭ በነጭ የሆነ የልብስ ገመድ ነው። ነጭ ማውጣት በሰፈሩ እሷን የሚያህላት አልነበረም። በረኪናው ግን ጣቶቿን ልጦ ልጦ ጨርሷቸዋል። ዛሬም መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ የአሻራ ማሽኑ አያነብላትም፤ የቢሮው ልጅ ጣቷን እየደጋገመ ይጫናል፣ ማሽኑ እንቢ ይላል።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ አገኘሁ ብዬ እየበረርኩ ቤት ስገባ፣ እልል ልትል አፏን ከፈተች። የትና ምን እንደሆነ ስነግራት አፏ እንደተከፈተ ቀረ። "እኔ የሰው እድፍ የነካሁት አንቺ እንዳትነኪው ነበር" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥራ ልብሴ የሚዘፈዘፍበት ሳፋ ለብቻው ሆነ። ኮንዶሚኒየሙ ደርሶን ከድሮው ሰፈር ስንወጣ ደግሞ ማንም የማያውቀን ቦታ ገባን። ልብስ አጣቢነቷን የሚያውቅ የለ፣ የእኔን ሥራ የሚያውቅ የለ። "የላብራቶሪዋ እናት" ተባለች፤ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ደረጃውን ስትወርድ አንገቷ ቀና ይላል።

እኔ ደግሞ ቱግ ባይ ነኝ። ንዴቴ እንደ ወተት ነው፣ ዞር ሳይሉ ይገነፍላል። አንድ ቀን የሌላ ሰው የኩላሊት ውጤት ሲመጣብኝ፣ "ሄጄ ለሁሉም እውነቱን እነግራቸዋለሁ! ምን ሰርቄ ነው የሚታፈርብኝ?" ብዬ ጮህኩባት። ጣቶቿን እያፍተለተለች መሬት መሬት አየች። ተውኩት። ከውስጤ ግን አልወጣልኝም። እናቴ አንድ ቀን ግቢዬ መጥታ፣ የምሠራውን አይታ፣ በሰው ፊት ሥራዬን በስሙ እንድትጠራው እፈልግ ነበር። ከሌላ ሰው ሙገሳም ሹመትም አልፈለግኩም፣ ይቺን ብቻ።

ቀኑን ግን መምረጥ ነበረብኝ፤ ኩሬዎቻችን ያኔ የሚያኮሩ አልነበሩማ። ውሃው ሲገባ ጥቁር ነው፣ ሲወጣ ጠርቶ ይታያል። የማይታየው አሞኒያው ነው። አሞኒያ ማለት ሽንት ሲቆይ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ነገር ነው፤ ሕፃን ሸንቶበት ያደረ ጨርቅ የፈታች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ከኩሬው በታች፣ ወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች ችግኛቸው ጫፍ ጫፉ እየተቃጠለ ተቸገሩ። እንቁራሪት እንኳ ከወንዙ ጠፋ። አቤቱታው በዛና ከበላይ ቁርጥ ያለ ቃል መጣ፤ ወይ አሞኒያውን አስወግዱ፣ ወይ ኩሬው ይደፈናል።

አለቃዬ መሐንዲስ ነው፣ እርጋታው የሚያናድደኝ ዓይነት ሰው። "አዲስ አንቆፍርም፣ ያለውን እናሻሽላለን" አለ። በመጨረሻው ትንሽ ኩሬ ላይ ከዳር እስከ ዳር መረማመጃ ተሠራ። ከመረማመጃው ሥር የብረት ፍሬሞች በገመድ ውሃ ውስጥ ተንጠለጠሉ፤ በየፍሬሙ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ክር ጥቅጥቅ ብሎ ታስሯል። ከታች ቱቦ ተዘርግቶ ሞተር አየር ይነፋበታል። ሥራውን የሚሠራው ግን ክሩ አይደለም። ክሩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው አሞኒያውን የሚበሉት። አየር ይፈልጋሉ፣ የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ፣ ከሁሉ በላይ ጊዜ ይፈልጋሉ። እንደነሱ የሚንቀራፈፍ ፍጡር አይቼ አላውቅም፤ ብርድ ሲሆን ጭራሽ ይለግማሉ። ሲበረክቱ ክሩ ቡናማ፣ የሚያዳልጥ ልባስ ያወጣል። ዘበኛው መጀመሪያ ሲያዩት "ጢም አወጣ!" አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ጢም ነው የምንለው።

ጠዋት ጠዋት ውሃ በብልቃጥ እቀዳና ጠብታ እጨምርበታለሁ። አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያ አለ፣ ቢጫ ከሆነ የለም። ለወራት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፣ ጥር ሲያልቅ ገረጣ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ጥርት ያለ ቢጫ ሆነ። ብልቃጡን ይዤ በሩ ድረስ ሮጥኩ። "ጋሼ፣ ቢጫ ሆነ! ቢጫ!" ስላቸው፣ "ማንን ነው የወፍ በሽታ የያዘው?" አሉኝ። እውነት እላለሁ፣ ያን ቀን አቅፌ ሳምኳቸው።

ከዚያ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ሆነ። አንድ ቀን መጥተው አይተው ይሄዳሉ፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ ተመልሰው ናሙና ይወስዳሉ። ናሙናው ካለፈ ሌሎቹም ኩሬዎች እንዲሁ ይሻሻላሉ፤ ከወደቀ ይደፈናሉ፣ እኔም ወደ ሌላ ክፍል እዛወራለሁ። ቀኔን አገኘሁ አልኩ፤ ናሙናው ባለፈ ማግስት እናቴን አመጣታለሁ። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ለዝግጅቱ ዋናው ቢሮ ተጠራሁ። ስወጣ ዘበኛውን፣ "ጋሼ፣ ነገ እንግዳ ስላለብን ግቢው ይጽዳ እሺ?" አልኳቸው። "አንድም ሳላስቀር!" አሉ፣ መጥረጊያቸውን እንደ ጠመንጃ እየወደሩ።

እናቴ ያን ቀን ለምን እንደመጣች እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም። ምሳሽን ረስተሽ ነው ትላለች። ምሳዬን ስረሳ ግን የመጀመሪያዬ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ስለ እንግዶቹ ስቁነጠነጥ አይታኝ ሆዷ አላስችላት ብሎ ይመስለኛል። የምሳ ዕቃዬን በፌስታል ይዛ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ ሰው እየጠየቀች ቁልቁለቱን ወርዳ በሩን አንኳኳች። እኔ የለሁም። ዘበኛው ወንበር አውጥተው፣ "እንኳን ደህና መጡ። ነገ እንግዳ ስላለብን ጽዳት ላይ ነን" አሏት። ለእናቴ እንደዚህ ያለ ነገር ይነገራል?

ግቢውን አብረው ዞሩ። መረማመጃው ላይ ሲደርሱ ዘበኛው የእኔን ሥራ ሊያሳዩዋት ብለው አንዱን ፍሬም በገመዱ ስበው አወጡት። ቡናማ፣ የሚዝለገለግ፣ የሚንጠባጠብ ነገር። እናቴ ደንግጣ፣ "በስመ አብ! ይሄን ነው ነገ ለሰው የምታሳየው? ልጄን መሳቂያ ሊያደርጓት ነው?" አለች። ነጠላዋን አደገደገች። ዘበኛው ጢሙ ሥራ እንዳለው ያውቃሉ፤ ግን ልብስ ታጥቦ እንደሚለበስ ሁሉ ጢሙም ታጥቦ ሥራውን የሚቀጥል መሰላቸው። ደግሞስ የእኔን እናት ማን ይከለክላል? ሱቅ ተሮጠ፣ በረኪና መጣ፣ ብሩሽ መጣ። እሳቸው እየሳቡ፣ እሷ እየፈተገች፣ ከዳር ጀምረው ዳር አደረሱት። የታጠበበትን በረኪናም እዚያው ኩሬው ውስጥ ደፉት፤ የት ይድፉት ታዲያ?

በማግስቱ ማለዳ ስደርስ ግቢው ያበራል። የጠጠሩ መንገድ ሳይቀር ተጠርጎ፣ የአጥሩ ግንድ ሥር ሥሩ ኖራ ተቀብቶ። ደስ ብሎኝ መረማመጃው ላይ ወጣሁና አንዱን ገመድ ሳብኩ። ክሩ ነጭ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ነጭ። ሌላውን ሳብኩ፣ ነጭ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ልጅነቴን ሙሉ ያሸተትኩት፣ የእናቴ እጅ ሽታ። ማን እንዳጠበው ሳልጠይቅ አወቅኩ።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ዘበኛው በፈገግታ መጡ። "እንዴት ነው? እናትሽ እኮ የዋዛ አይደሉም! ጢሙን ሙልጭ አድርገን ላጨንልሽ!" አሉ። ሽማግሌ መሆናቸውን ረስቼ ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳየው እንደ ሕፃን ልጅ በኩራት በርቷል። ምላሴን ነከስኩና "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። እንዴት እንደወጣኝ እንጃ።

እንግዶቹ መጡ፣ ወደዱት። "ይሄ የፍሳሽ ማጣሪያ ነው? እኛ ቤትስ እንዲህ ይጸዳል?" ተባባሉ። ነጩን ክር ከኋላቸው አድርገው ፎቶ ተነሱ። ብልቃጡን አምጪ ሲሉኝ ቀዳሁ፤ ቢጫ ወጣ። ውሃው ገና የሰሞኑ ነበራ፣ የበረኪናው ጉዳት የሚታየው አዲሱ ውሃ ሲደርስ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ አባቶች። አለቃዬ ብቻ አልሳቀም። ክሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንግዶቹን እስከ መኪናቸው ሸኝቶ ተመለሰ።

"ማን ነው?" አለኝ።

"እናቴ።"

"እናትሽ?" መነጽሩን አወለቀ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅለት ግን ፊቱ ጠቆረ። "ናሙና እስኪወስዱ ያድግልሻል?"

አላውቅም አልኩት። በሁለት ወር ውስጥ ከባዶ ተነስቶ መድረሱን ተጠራጥሬያለሁ። ግን እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ስናይ የዳሩ ፍሬም ገመዱ ተቀርቅሮ አልወጣ ብሏቸው፣ "ይሄን ማን ያየዋል" ብለው ትተውት ኖሯል። የደፉት በረኪናም ከእሱ ርቆ ነው የፈሰሰው። በግድ ስናወጣው ጢሙ እንዳለ ነበር። ከእሱ ላይ ክር እየቆረጥኩ በየፍሬሙ አሰርኩ፣ አየሩን ቀንም ሌትም አስነፋሁ፣ ውሃው ባክቴሪያዎቹን እንዳይኮመጥጣቸው ኖራ በልክ በልኩ ጨመርኩ። ከዚያ የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ለእኔ ዓይነቷ ሴት ከዚህ የበለጠ ቅጣት የለም።

ያን ቀን ማታ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። "እንግዶቹ ምን አሉ?" መንገዱን ሙሉ የምጮህባትን ጩኸት ሳደራጅ ነበር የመጣሁት። ጣቶቿን አየሁ፤ አዲስ ቀልተዋል፣ ጥፍሯ ሥር ተሰንጥቋል። "ንጽህናው አስደነቃቸው" አልኳት። ውሸት አልነበረም። ፊቷ ሁሉ ፈካ። "አላልኩሽም? ሰው መጀመሪያ የሚያየው ንጽህና ነው!" አለች፤ እራት ስታቀርብልኝ ታንጎራጉር ነበር። እኔ ሦስት ጉርሻ እንኳ አልዋጥኩም።

ብልቃጡ በሳምንቱ አረንጓዴ ሆነ። ጾሙ ገባ፣ ረመዳንም ተከትሎ ገባ፣ ብልቃጡ ያው ነው። ዘበኛው ነገሩ ከገባቸው ወዲህ እየጾሙ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ የሞተሩን ድምፅ ሲያዳምጡ ይውላሉ፤ ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ "ቶሎ ነይ!" ይሉኛል። ለእናቴ ማን ይንገራት? ይህ ምስጢር ሆዴ ውስጥ ተቀብሮ በቀረ ነበር፣ እሷ ራሷ ባትመጣ ኖሮ።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እናቴ ናት፤ በአንድ እጇ ብሩሽ፣ በሌላው ጄሪካን። "ከእንግዶቹ ወዲህ ማንም አላጠበውም ብዬ ነው፤ ይሄኔ ቆሽሿል" አለች፣ ወደ መረማመጃው እያለፈች። ዘልዬ ፊቷ ተገተርኩ። የታመቀው ሁሉ ገነፈለ።

"አትንኪው! እማዬ አትንኪው! ያጠብሽው እኮ ቆሻሻ አይደለም፣ ሥራዬን ነው ያጠብሽው! ገደልሽው! ኩሬው ሊደፈን ነው!"

ጄሪካኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። "ገደልሽው" ያልኩት ቃል ከአፌ ሲወጣ ምነው ልመልሰው በቻልኩ። እናቴ ዞራ ዳገቱን ወጣች፤ ነጠላዋ መሬት ይጎተት ነበር፣ አላነሳችውም። ማታ ቤት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። "እማዬ፣ ይቅር በዪኝ" አልኳት። "ተኚ" አለችኝ። እኔም አልተኛሁ፣ እሷም።

ስነሳ ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። "አሳዪኝ" አለች። አብረን ወረድን። መረማመጃው ላይ ወጥተን አንዱን ፍሬም ሳብኩላት፤ ከተቀረቀረው ፍሬም ቆርጬ ያሰርኩት ክር ዙሪያውን ቡናማ ነገር ጀማምሮ ነበር። እጇን ይዤ አስነካኋት። ያ አሻራ የሌለው ጣቷ እዚያ የሚያዳልጥ ነገር ላይ አረፈ። ሕይወት እንዳለው፣ መርዙን የሚበላው እሱ እንደሆነ፣ ቀስ ብሎ እንደሚያድግ ነገርኳት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና ድንገት ዞረች።

"እርሾ ነው በይኛ!"

"አዎ፣ እርሾ ነው።"

"አንቺ ልጅ! ታዲያ እርሾ ነው ብትዪኝ ቡሃቃ ሙልጭ አድርጌ የማጥብ ሴት ነኝ? ባክቴሪያ ባክቴሪያ እያልሽ እኔ በሽታ ነው ብዬ!" ተቆጣች። እናቴ ስትቆጣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ድምጿ ወረደ። "እርሾ የሞተበት ከጎረቤት ይበደራል።" "ተበድሬያለሁ" አልኳትና የዳሩን ፍሬም አሳየኋት። ጄሪካኗን ዘበኛው ጋ ሄዳ አነሳችና፣ ወደ ቤት ይዛው ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስወጣ አትሸኘኝም፣ ማታ ስገባ ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ጢሜ እንዴት ዋለ?" ትለኛለች። "አረንጓዴ ነው" ስላት "እሱ ያውቃል" ትላለች። አንድ ማታ "ገርጣ ብሏል" አልኳት። ከተቀመጠችበት ተነስታ የቤቱን መሐል ለመሐል ሄዳ ተመለሰች። የሥራ ልብሴንም ከዚያን ማታ ጀምሮ ከራሷ ቀሚስ ጋር በአንድ ሳፋ ዘፈዘፈችው፤ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

የቀረኝ ፍርሃት በዓሉ ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካና ኢድ ተጠጋግተው ነው የዋሉት፤ ናሙናው የሚወሰደው ደግሞ ወዲያው ከበዓሎቹ በኋላ ነው። በእኛ ሰፈር በዓል ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ወለል ይታጠባል፣ ግድግዳ ይታጠባል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ ደረጃው ከላይ እስከ ታች ይታጠባል፤ የሁሉም በረኪና መጨረሻው ሽንት ቤት ነው፣ ከሽንት ቤቱ እኛ ግቢ። ከዓመት ዓመት መሥሪያ ቤታችን በየብሎኩ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ ልጆች ቦጫጭቀው ይጥሉታል፣ የሚያነበው የለም። እናቴ ይህን ስነግራት ጣቶቿን እያፍተለተለች ሰማችኝ።

ኩሬው ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ አልፏል። ብልቃጡ ናሙና የተወሰደ ቀን ቢጫ ነበር፣ ከዋናው ላብራቶሪ የተደወለልንም ያንኑ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ኩሬዎች ጢም አላቸው። ላወራው የፈለግኩት ግን እሱን አይደለም። የሆሳዕና ዕለት ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው።

የሴቶቹ ዕድር ስብሰባ በጋራ ቤቱ ነበር። ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም በየወንበሩ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ጾመኛ ነው፣ ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ቸኩሏል። እኔ እናቴን ልወስድ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ መኖሬን ያወቀች አልመሰለኝም። የዕድሩ ሰብሳቢ "ሌላ ጉዳይ ያለው?" ብለው ሊበትኑ ሲሉ እናቴ ተነሳች። በስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

"ለበዓሉ ሁላችንም ቤታችንን ልናጥብ ነው" አለች። "በረኪናውን ሽንት ቤት እንዳትደፉ ልለምናችሁ ነው። በሳሙና እንጠብ።"

"ምነው እትዬ፣ ቱቦ ይበላል እንዴ?" አለች አንዷ።

"ቱቦ አይደለም። ታች ማጣሪያው ኩሬ ውስጥ እርሾ አለ፣ እሱን ይገድላል።"

ተሳሳቁ። "ደግሞ ይሄን ከየት ሰሙ?" አሏት።

"ከማንም አልሰማሁም። እኔው በእጄ ገድዬው ነው ያወቅኩት።" ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "ልጄ ላብራቶሪ አይደለም የምትሠራው። ዋሽቻችኋለሁ። ሽንት ቤት ውሃ ነው የምታጣራው። የእኔንም፣ የእናንተንም።"

የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ "ውይ! ታዲያ የእኔን ስኳር ማን ነው ያነበበው?" አሉ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እናቴ አልሳቀችም። ሁለት እጆቿን መዳፋቸውን ወደ ሴቶቹ አድርጋ አነሳች።

"ማሽኑ አሻራዬን አላነበበም ስላችሁ እርጅና ነው ብያችሁ ነበር። እርጅና አይደለም። ኮልፌ የሰው ልብስ አጥቤ ነው ያሳደግኳት። እሷ ደግሞ ውሃውን ራሱን ታጥባለች።"

ሰብሳቢዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ... ቤት ውስጥ ያለውን በረኪና ምን እናድርገው ታዲያ?" አሉ።

"እኔ ምን አውቄ" አለች እናቴ። ዞር ሳትል እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። "ባለሙያዋ ያቻት፣ እዚያ ቆማለች። የእኔ ልጅ ናት፤ እሷን ጠይቋት።"